በሁለት ሳንቃ መካከል

ሥራው ከአሮጌ ገመድ ይጀምራል። ዘመኑን የጨረሰ የመልሕቅ ገመድ በክንድ ልክ ይቆራረጣል። መርከበኛው አንዱን ቁራጭ አንሥቶ መጀመሪያ ጉንጉኑን ይፈታል። ከጉንጉኑ ክር ይወጣል። ክሩን ጭኑ ላይ እያሸ፣ በጥፍሩ እየበጣጠሰ ወደ ልቅ ቃጫ ይመልሰዋል። ገመዱ ድሮ ሲጎነጎን ቅጥራን ጠጥቶ ነበርና ቃጫው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ጣት ላይ ይጣበቃል። ሽታው የጭስና የሙጫ ነው። ከዚያ ሥራው ወደ ኋላ ይዞራል። የላላው ቃጫ በመዳፍና በጭን መካከል እየተንከባለለ እንደገና ይጠቀለላል። በዚህ ጊዜ ግን አይከርርም። ጣት የሚያህል፣ ለስላሳ፣ ሲጫኑት የሚታመቅ ረጅም ፈትል ሆኖ ይቀራል። በአገራችን ገጠር ገመድ ሠሪ ቃጫ ሲያከር ያየ ሰው የእጁን አካሄድ ወዲያው ያውቀዋል። ልዩነቱ የእኛው ሰው እስኪጠነክር ማክረሩ፣ መርከበኛው ሳያከር መተዉ ነው።

ይህ ፈትል የሚገባው በሁለት ሳንቃ መካከል ባለች ጠባብ መስመር ውስጥ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ በካሪቢያን፣ በአትላንቲክ፣ በፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖስ ስለዘረፉ እንግሊዛውያን የባሕር ወንበዴዎች ብዙ ተጽፏል። ወርቁ ይተረካል፤ ጎራዴው ይተረካል፤ ስቅላቱም እንዲሁ። የእኔን ዐይን የሚይዘው ይህ መስመር ነው። የንጉሡ የጦር መርከብ ሲጎዳ ወደ መንግሥት መርከብ ማደሻ ይገባል። የነጋዴውን መርከብ በለንደን ወይም በብሪስቶል ወንዝ ዳር ባለሙያዎች ይጠብቁታል። ወንበዴው በአብዛኛው ወደብ ቢታይ የሚጠብቀው ዳኛና መስቀያ ነው። ስለዚህ የመርከብ ማደሻውን ሁሉ፣ መሣሪያውንም ባለሙያውንም፣ በገዛ መርከቡ ጭኖ ይዞር ነበር። ጀብዱ የምንለው ነገር ሁሉ ከዚህ ሥራ በኋላ የሚመጣ ነው።

የዘመኑ መካከለኛ መርከብ ገላ በአብዛኛው ከኦክ እንጨት ይሠራል። ከሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ወፍራም ግንድ ተዘርግቷል። ከግንዱ ግራና ቀኝ ጎባጣ ወጋግራዎች ይነሣሉ። በወጋግራዎቹ ላይ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚወፍር ሳንቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለብሳል። ሳንቃውን ከወጋግራው ጋር የሚያያይዘው አብዛኛውን ጊዜ የእንጨት ችንካር ነው። ችንካሩ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይወፍራል። በደንብ ከደረቀ እንጨት ይጠረባል፤ ሳንቃውንና ወጋግራውን አንድ ላይ ወደሚበሳው ቀዳዳ በመዶሻ ይነዳል። ከዚያ ጫፉ ይሰነጠቅና ትንሽ ሽብልቅ ይገባበታል። ችንካሩ ደረቅ ሆኖ ስለገባ ውሃ ሲያገኘው ያብጣል፤ ቀዳዳውንም ይሞላል። ብረት በባሕር ውሃ ይዝጋል። ዝገቱም በዙሪያው ያለውን ኦክ ያበሰብሳል። እንጨት እንጨትን ሲይዝ ግን ሁለቱ አብረው ያብጣሉ፤ ሲደርቁም አብረው ይሸማቀቃሉ።

ሳንቃዎቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ የውስጥ ጠርዛቸው ይነካካል። የውጭው ጠርዝ ሆን ተብሎ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍት ይተዋል። ከጫፉ ቢመለከቱት ክፍተቱ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሄዶ በምንም ያልቃል። ፈትሉ ወደ ውስጥ በተነዳ ቁጥር የሚጠብቀው በዚህ ቅርጽ ምክንያት ነው። ክፍተቱ ከውጭ እስከ ውስጥ እኩል ቢሆን ኖሮ ፈትሉ በሌላው ወገን ወጥቶ ይወድቅ ነበር።

ሠራተኛው በግራ እጁ ጠፍጣፋ ብረት ይይዛል። የብረቱ አፍ ሰፊና ቀጭን ነው፤ የተሳለ ግን አይደለም። ቢሳል ቃጫውን ይቆርጠዋል። በቀኝ እጁ የእንጨት መዶሻ አለ። የመዶሻው ራስ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ የብረት ቀለበት ታጥቀዋል። መጀመሪያ ፈትሉን ክፍተቱ አፍ ላይ ያስቀምጥና በመጠን በመጠን ርቀት መታ መታ እያደረገ ያስይዘዋል። ፈትሉን አይወጥረውም። በሁለቱ ምቶች መካከል ትንሽ እጥፋት እንዲቀር ይተውለታል፤ ሲታመቅ የሚሞላው ያ ትርፍ ነው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሶ እጥፋቱን ሁሉ ወደ ውስጥ ይነዳል። በላዩ ሁለተኛ ፈትል ይመጣል። ሳንቃው በወፈረ ቁጥር ፈትሉም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሥራው የሁለት ሰው ይሆናል። አንደኛው ረጅም እጀታ ያለውን ብረት መስመሩ ላይ ይደግናል። ሌላው በሁለት እጁ ከባዱን መዶሻ ያወርዳል።

ልኩን የሚነግረው ጆሮ ነው። ፈትሉ ገና ሲላላ የመዶሻው ድምፅ ደብዛዛ ነው። እየታመቀ ሲሄድ ድምፁ ይጠራል። እንደ ሳንቃው ሲጠነክር ይጮኻል፤ እጅም ንዝረቱን ይሰማዋል። እዚያ ላይ ማቆም ያስፈልጋል። የላላ ፈትል መርከቡ በማዕበል ሲተጣጠፍ ተፍቆ ይወጣል። ከልክ በላይ የተነዳ ፈትል ደግሞ ሳንቃዎቹን እያራራቀ ችንካሮቹን ያላላል። በደረቅ የተሠራ መስመር ውሃ ሲገባበት ሳንቃውም ፈትሉም እንደሚያብጡ ሠራተኛው ያውቃል። ስለዚህ የሚሠራው ዛሬ ለሚያየው ክፍተት ብቻ አይደለም፤ ነገ ለሚጠብበውም ጭምር ቦታ ይተዋል። ከጠቅላላው የመርከብ ሥራ ለእኔ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

ፈትሉ ላይ ዝፍት ይፈስሳል። ቅጥራን ከፓይን እንጨት ነው። ሥሩና ጉቶው በአፈር ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ሲቃጠል እየቀለጠ በሥሩ ይወርዳል። ቅጥራኑ ተፈልቶ ሲወፍር ዝፍት ይሆናል። የኖኅን መርከብ ታሪክ ያነበበ አማርኛ አንባቢ መርከብ በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንደሚለቀለቅ ከልጅነቱ ያውቃል። እዚህ ግን የሙቀቱ ልክ ዋጋ አለው። የበዛ እሳት ዝፍቱን አቃጥሎ ሲበርድ እንዲሰነጣጠቅ ያደርገዋል። ያነሰ እሳት ካለው ደግሞ ዝፍቱ ላይ ላዩን ይቀራል እንጂ ወደ ቃጫው አይዘልቅም። እንግሊዝ ቅጥራንን ከስዊድን ትገዛ ነበር። በ1705 በወጣ ሕግ ግን በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ለሚመረተው ድጎማ መክፈል ጀመረች። ወንበዴው ዝፍቱን ከሚዘርፈው መርከብ ያገኘዋል። የነጋዴ መርከብ ሲያዝ ከጨርቁና ከስኳሩ ጋር የዝፍት በርሜል፣ የሸራ ጥቅልና ገመድ ይወሰድ ነበር። እነዚህን የሚወስድ ሰው ከወርቅ የማይተናነስ ነገር እንደያዘ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ልፋት ከንቱ የሚያደርግ አንድ ፍጥረት አለ። የመርከብ ትል ይሉታል። ወገኑ ግን ከትል አይደለም፤ ሁለት ቅርፊት ካላቸው የባሕር ፍጥረታት ነው። እጭ ሆኖ የሚገባበት ቀዳዳ 1 ሚሊሜትር ቢሞላ ነው። ከገባ በኋላ ቅርፊቶቹን እንደ ሞረድ እያሽከረከረ የእንጨቱን አቅጣጫ ተከትሎ ይቦረቡራል። የሄደበትንም መንገድ በነጭ የኖራ ሽፋን ይለስነዋል። ገላው ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። በአንድ ሳንቃ ውስጥ ብዙ ሆነው ሲኖሩ አንዱ የሌላውን መንገድ እንዳይነካ እየተጣመመ ያልፋል። ስለዚህ ከውጭ ደህና የሚመስል ሳንቃ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰምጣል።

መድኃኒቱን ለማግኘት ሰዎች የትሉን ጠባይ ማስተዋል ነበረባቸው። ትሉ ከጀመረው እንጨት ወጥቶ ወደ ሌላ እንጨት መሻገር አይወድም። ስለዚህ በዋናው ሳንቃ ላይ ቅጥራን ይቀባል፤ በቅጥራኑ ላይ የከብት ፀጉር ይነሰነሳል፤ በፀጉሩ ላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል የሚወፍር ርካሽ ጣውላ በሚስማር ይመታል። ትሉ ጣውላውን ይበላል። ፀጉሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ጣውላው ሲያልቅ ይነቀልና በሌላ ይተካል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከብ ሆድ በመዳብ መሸፈን የሞከረው በ1761 ነው። ወንበዴዎቹ ግን በፀጉርና በጣውላ ኖሩ።

ይህ ዘዴ ሲፈተን ዐይቶ የጻፈልን ዊልያም ዳምፒየር ነው። በ1651 በእንግሊዝ ሱመርሴት ኢስት ኮከር በሚባል መንደር ተወለደ። ከወንበዴዎች ጋር ዓለምን ዞረ፤ ያየውንም በ1697 አሳተመ። በጽሑፉ ውስጥ ነፋስ፣ ዛፍ፣ ዓሣና የሰው ጠባይ እኩል ይለካሉ። በ1681 የፓናማን ልሳነ ምድር በእግር ሲሻገር ማስታወሻውን ወፍራም የቀርከሃ አንጓ ውስጥ ከትቶ ሁለቱንም ጫፍ በሰም ደፈነው። ወንዝ ሲዋኝ ወረቀቱ አልረጠበም። ቀርከሃው ጎኑ ድፍን ነው። የሚደፈነው ጫፉ ብቻ ነው፤ ጫፉ ደግሞ ለሰም ይመቻል። መርከብ ላይ የኖረ ሰው ማስታወሻውን እንዲህ ቢያሽግ አይደንቅም።

ዳምፒየር በ1686 ሲግኔት በምትባል መርከብ ላይ ነበር። ካፒቴኑ ቻርልስ ስዋን ይባላል። ከሜክሲኮ ዳርቻ ተነሥተው ፓስፊክን ሲያቋርጡ የእያንዳንዱ ሰው ምግብ በማንኪያ ይቆጠር ነበር፦ በቀን አንድ ጊዜ ስምንት ማንኪያ ቅቅል በቆሎ፤ ኋላም አሥር። ጉዋም ደርሰው ነፍስ ዘሩ። ከዚያ በፊሊፒንስ ደቡብ ወደምትገኘው ሚንዳናዎ ደሴት ሄደው ለወራት ቆሙ። ሞቃትና ጨው የቀላቀለ ወንዝ አፍ ለትሉ የተመቸ ነው። አብራቸው የነበረች አንድ ትንሽ ጀልባ ሆዷ ነጠላ ሳንቃ ነበርና ተበልታ መንሳፈፍ አቃታት። ታንኳቸውም ተበሳሳ። የሲግኔትን ጣውላ ነቅለው ሲያዩ ግን ትሉ ፀጉሩ ላይ ቆሟል፤ ዋናው ሳንቃ ጤነኛ ነው። የደሴቱ የጦር አዛዥ ራጃ ላውት ሊጎበኛቸው መጥቶ ይህን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ሆድ ያለው መርከብ ዐይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ዳምፒየር አዛዡ ያልተደሰተበትን ምክንያት ይገምታል። ከዚያ በፊት አንድ የሆላንድ መርከብ በሁለት ወር ውስጥ በዚያው ቦታ ተበልቶ መድፎቹ ለአዛዡ ቀርተውለት ነበር። የእንግሊዞቹንም መድፍ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። በእነዚያ መድፎችና በእሱ መካከል የነበረው አንድ ስስ የከብት ፀጉር ነው።

የመርከብን ሆድ ለማየት መርከቡን ማጋደም ያስፈልጋል። ይህ ከሥራ ሁሉ አድካሚው ነው። መድፎቹ ወደ የብስ ይወርዳሉ። በርሜሉ፣ ባሩዱ፣ ሚዛን የሚጠብቀው ድንጋይ ይከተላል። የላይኛው የሸራ ምሰሶ ይነቀላል። ከዋናው ምሰሶ እስከ ጠንካራ ዛፍ ወይም እስከ ተቀበረ መልሕቅ ድረስ በመዘውር ውስጥ የሚያልፍ ገመድ ይዘረጋል። ምሰሶው እንዳይሰበር በሌላ ወገን ይደገፋል። መድፍ የሚተኮስባቸው መስኮቶች ይደፈናሉ። ከዚያ ገመዱ ቀስ እያለ ይሳባል፤ መርከቡ ግንዱ እስኪታይ ድረስ ጎኑ ላይ ይተኛል።

በሆዱ ላይ የበቀለው አረምና ቅርፊታም ፍጥረት በእሳት ይለበለባል። ጭራሮና ደረቅ ሸምበቆ በረጅም እንጨት ላይ ታስሮ ይቀጣጠልና በሳንቃው ላይ ይጎተታል። ሙቀቱ አረሙን ያደርቃል፤ አሮጌውን ዝፍት ያለሰልሳል። እሳቱ አንድ ቦታ ከቆየ ደግሞ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ፈትል ያወጣል። እሳቱን ይዞ የሚሄደው ሰው እጅ ስለዚህ ማቆም የለበትም። መፋቂያው ይከተላል። ከመፋቂያው በኋላ አናጢው ብቻውን ይሄዳል፤ በመዶሻው እየነካ ሳንቃውን ያዳምጣል። የበሰበሰው ተቆርጦ ይወጣል፤ በልኩ የተጠረበ አዲስ ሳንቃ ይገባል። ፈትል፣ ዝፍት። በመጨረሻ ሞራ፣ ድኝና ሙጫ ተቀላቅሎ ሆዱ ይቀባል። ከዚያ መርከቡ ይዞርና ሌላው ጎን ይጀመራል።

ሲግኔት በጃንዋሪ 1688 አውስትራሊያ ስትደርስ ካፒቴኗ ጆን ሪድ ነበር። ስዋንን ሚንዳናዎ ላይ ትተውት ነው የሄዱት። በሰሜን ምዕራቡ ዳርቻ፣ በዛሬው ኪንግ ሳውንድ አካባቢ፣ ሰዎቹ ከመዘውርና ከዛፍ የቀለለ መንገድ አገኙ። በዚያ ዳርቻ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት 9 ሜትር ያህል ነው። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ውሃው ከሁሉ ቀን ይልቅ ከፍ ይላል። በዚያ ቀን መርከቧን አሸዋማ ወደሆነ ትንሽ ሰርጥ አስገቧት። ውሃው ሲሸሽ በደረቅ አሸዋ ላይ ቀረች፤ ከፊቷ ግማሽ ማይል የሚጠጋ አሸዋ ተገለጠ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሙላቱ አነስ ስለሚል ውሃው አጠገቧ አልደረሰም። ሰዎቹ በድንኳን ውስጥ ሸራ ጠቀሙ፤ መርከቧን ሳይቸኩሉ ፋቁ። ባሕሩን የቀን መቁጠሪያ አድርገው ሠሩበት። በማርች 12 መልሕቅ አነሡ።

የሚሠሩት ሁሉ እንዲህ የተዋጣ አልነበረም። የለንደኑ ኤድዋርድ ሎው አንድ የተማረከ መርከብ ሲያጋድም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ምሰሶው ገመዶች እንዲወጣ አዘዘ። መርከቡ ከልክ በላይ ጋደለ። የጎን መስኮቶቹ አልተዘጉም ነበርና ውሃ በዚያ ገባ። መርከቡ ሰጠመ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ጆርጅ ላውዘር ደግሞ በ1723 በቬኔዝዌላ ትይዩ ባለችው ብላንኪያ ደሴት መርከቡን እያደሰ፣ መድፉ የብስ ላይ፣ ሸራው ወርዶ ሳለ ኢግል በምትባል የነጋዴ መርከብ ተያዘበት። ወንበዴ እንደዚያ ሰዓት ራቁቱን የሚቀርበት ጊዜ የለም።

ታዲያ ለምን ይደፍሩታል? አረም የበቀለበት ሆድ ውሃውን ይዞ ይጎተታል። ወንበዴ በልጦ ካልሮጠ አይዘርፍም፤ አያመልጥምም። ሄንሪ ኤቭሪ ይህን በደንብ ያወቀ ነው። በሜይ 1694 በስፔኗ ላ ኮሩኛ ወደብ ባመፁት መርከበኞች ተመርጦ ካፒቴን ሆነ፤ መርከቡንም ፋንሲ አላት። በኮሞሮስ ደሴቶች በአንጁዋን አጋድመው ፋቋት። በዚያ ብቻ አልቆሙም። ከወለሉ በላይ ያለውን ትርፍ ክፍልና ግድግዳ በመጋዝ አወረዱ። ከላይ የነበረው ክብደት ሲቀንስ መርከብ በነፋስ ጊዜ ያነሰ ትጋድላለች። ነፋሱን የሚያግድ ግድግዳ ሲጠፋም ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ቀረብ ብላ መሄድ ትችላለች። በ1695 በጋ ፋንሲ ከሌሎች ወንበዴዎች ጋር በቀይ ባሕራችን አፍ፣ በባብ ኤል መንደብ፣ ከመካ የሚመለሱትን የሕንድ መርከቦች ጠበቀች። ከአጋሮቿ አንዷ ዶልፊን መከተል ስላቃታት ሰዎቿ ወደ ፋንሲ ተዛውረው እሷ ተቃጠለች። በሴፕቴምበር 7 የሙጋሉን ንጉሥ የአውራንግዜብን ግዙፍ መርከብ ጋንጅ ኢ ሳዋይን ያዙ። በዚያ መርከብ ላይ በምዕመናን ላይ የደረሰው ግርፋትና በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ ከወንበዴነት ታሪክ ሁሉ አስነዋሪው ነው። ያ በመጋዝና በሞራ የተሠራ ጥሩ ሥራ ያደረሳቸው እዚያ ድረስ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ሥራውን ማድነቅ አይቻልም።

በባሕር ላይ የአናጢው ቀን የሚጀምረው በመለካት ነው። መለኪያ ዘንግ በፓምፑ አጠገብ ወደ መርከቡ ታች ይወርዳል። ሲወጣ የረጠበው ክፍል ይታያል። ከትናንቱ ከበለጠ የሆነ መስመር ተከፍቷል። ፓምፑ ራሱ የእሱ ሥራ ነው፤ ውስጡ የተሰረሰረ ግንድ፣ በውስጡ የቆዳ ክዳን። ቆዳው ሲያረጅ ይተካል። ከውጊያ በፊት ሾጣጣ የእንጨት ውታፎች ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ፤ ቃጫ ተጠምጥሞባቸው፣ ሞራ ተቀብተው። የመድፍ ጥይት ከውሃው መስመር በታች ሲበሳ ውታፉ ይነዳል፤ በላዩ የእርሳስ ቅጠል ይመታል። በሰሜን ካሮላይና ቦፎርት ሰርጥ በ1996 የተገኘው የኤድዋርድ ቲች፣ ማለትም የብላክቢርድ፣ መርከብ ስብርባሪ ውስጥ እንዲህ ያሉ የእርሳስ ቁርጥራጮች ወጥተዋል። መርከቡ በ1718 አሸዋ ላይ ወጥቶ የቀረ ነው። የሚስማሩ ቀዳዳዎች በእርሳሱ ላይ አሁንም ይታያሉ። ከዚያ ስብርባሪ ከወጡት መድፎች ይልቅ እኔ እነዚህን ባያቸው እመርጣለሁ።

ወንበዴዎቹም የዚህን እጅ ዋጋ ያውቁ ነበር። ከሄንሪ ሞርጋን ጋር የዘመተው ሐኪም ኤክስኬሜሊን በ1678 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ ከምርኮው ክፍፍል በፊት መርከቧን ላደሰው አናጢ 100 ወይም 150 የስፔን ብር ይቆረጥለት ነበር። ጆን ፊሊፕስ ራሱ የመርከብ አናጢ ነበር። ሌሎች ወንበዴዎች ማርከው በሙያው ያሠሩት ነበር። በ1723 በኒውፋውንድላንድ አንዲት ጀልባ ሰርቆ ካፒቴን ሲሆን ደንብ አወጣ። ካፒቴኑ አንድ ተኩል ድርሻ፤ አናጢው ከመርከብ መሪውና ከመድፈኛው ጋር እኩል አንድ ከሩብ። መጽሐፍ ቅዱስ ስላልነበራቸው ደንቡን የማሉት በምሳር ላይ እጃቸውን ጭነው ነው። በኤፕሪል 1724 የማረካቸው ሰዎች ተነሡበት። ከመሪዎቹ አንዱ ኤድዋርድ ቺዝማን የመርከብ አናጢ ነበር። ለሥራ የወጡ መስለው ወለሉ ላይ የተቀመጡት ምሳር፣ መዶሻና መጥረቢያ ጦር መሣሪያ ሆኑ፤ ፊሊፕስም በእነሱ ተገደለ።

ከአናጢዎቹ ሁሉ ግን ቶማስ ዴቪስ ይበልጥብኛል። የዌልስ ሰው ነው። በዲሴምበር 1716 የሚሠራባት መርከብ በሳሙኤል ቤላሚ ወንበዴዎች ተያዘች። ልቀቁኝ ብሎ ለመነ። ወንበዴዎቹ አናጢ ስለሆነ አንለቀውም አሉ። ከሁለት ወር በኋላ ቤላሚ በለንደን የተሠራችውን፣ 300 ቶን የምትጭነውን የባሪያ ንግድ መርከብ ዊዳን ያዘ፤ ዴቪስም ወደ እሷ ተዛወረ። በኤፕሪል 26፣ 1717 ዊዳ በማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ በማዕበል ተመትታ ተሰበረች። በላይዋ ከነበሩት መቶ አርባ ከሚያልፉ ሰዎች በሕይወት የወጡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዴቪስ ነው። ስብርባሪዋ በ1984 ከተገኘ በኋላ በዝገትና በአሸዋ ከተጋገረው ክምር ውስጥ ስሟና 1716 የሚል ዓመት የተቀረጸባት ደወል ወጣች።

ዴቪስ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ቦስተን ላይ ለፍርድ ቀረበ። ምስክሮቹ የተናገሩት ስለ ሙያው ነው፤ አናጢ በመሆኑ ብቻ እንደተያዘ፣ ከያዙትም በኋላ ሊለቁት እንዳልፈለጉ። ከዊዳ ጓደኛ መርከብ የተያዙት ስድስት ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው በኖቬምበር ተሰቀሉ። ፍርድ ቤቱ ዴቪስን በነፃ አሰናበተው።